ቢጫው ስኳር የገባበት ቤት

ስኳር በሰልፍ በሚታደልበት ዘመን፣ ቡታጅራ ውስጥ የሰፈራችን የሸማቾች ሱቅ በር ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ደመወዝ የለውም፤ ወንበር እንኳ ከቤቴ ይዤ ነው የምሄደው። ቀበሌው የመረጠኝ ማንበብ ስለምችል ነው ይባላል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለይቼ፣ በማታ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ገፍቻለሁና ካርድ ላይ ያለ ስምና ቁጥር አያቅተኝም። እውነቱን ለመናገር ግን የተመረጥኩት በምላሴ ነው። ስብሰባው ላይ አንድ ሰውዬ ብድግ ብሎ፣ «እሷ በር ላይ ከቆመች እንኳን ሰው ዝንብም ያለ ተራው አይገባ!» አለ። ሰው ሳቀ፣ እጅ ወጣ፣ በዚያው ጸደቀ።

ሥራውን እንደ ቀልድ አልያዝኩትም። ስኳር የጫነው መኪና በወር አንድ ጊዜ ይመጣል፤ አንዳንዴም ሁለት ወር ይቆያል። ሲደርስ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ያን ጊዜ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። እርጉዝና አቅመ ደካማ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ሌላው በተራው ነው። የገዛ ምራቴ አንድ ቀን «ልጁ እያለቀሰብኝ ነው» ብላ ከመሃል ልትገባ ስትል፣ «እያለቀሰም ይሰለፋል» ብዬ ወደ ኋላ መለስኳት። ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ታኩርፍ።

አንድ ሰሞን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ለሰፈሩ ሰው ይበቃል ተብሎ የመጣው ስኳር ሰልፉ ሳያልቅ ያልቃል። ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት ደግሞ ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፤ ከሥራ ዘግይተው የሚመጡት ልብስ አጣቢዎችና እንጨት ሻጮች። በካርዱ ልክ እያደልኩ እንዴት ይጎድላል?

መንገዱ ጥግ ላይ አንድ ሰፊ ግቢ አለ። ሦስት በር አለው፤ አንዱ ጋሪ በሚቆምበት በኩል፣ አንዱ ወደ መስጊድ በሚወስደው መንገድ፣ አንዱ በጓሮ። እያንዳንዱ በር ላይ የቤት ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ደግሞ አንድ ካርድ ወጥቶለታል። በአንዱ ካርድ ሚስትየዋ ትመጣለች፣ በሁለተኛው የቤት ሠራተኛዋ፣ በሦስተኛው የሚስትየዋ ወንድም። ብጠይቃቸው «ሦስት አባወራ ነን» ይሉኛል። ሰው ግቢ ገብቼ ድስት አልቆጥር ነገር!

በሚቀጥለው ወር ከስኳር መዛኙ ልጅ ጋር ተመካከርንና፣ ለእነዚያ ሦስት ካርዶች በተዘጋጀው ስኳር ውስጥ ጥቂት እርድ ጣል አደረግሁበት፤ አልጫ ላይ የምናደርገውን ቢጫውን እርድ። በሦስተኛው ቀን መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሻይ ቤት ሄጄ ተቀመጥኩ። ሻይ ቤቱ የዚያው የጥጉ ቤት አባወራ ነው። ሻይ አዝዤ የስኳሩን ጣሳ ስከፍት፣ ስኳሩ እንደ አደይ አበባ ፈክቶ ጠበቀኝ።

«ይሄ ስኳር ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«አዲስ ዓይነት ነው እማማ። ከውጭ የመጣ ነው» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር።

«ከየትኛው ውጭ? በፊት በርህ የገባው ነው በጓሮ በርህ?»

ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ተንከተከተ። በሦስት በር የገባው ስኳር አንድ ቤት ተገኘ፤ ሁለቱ ካርድ ተቀደደ። በቀጣዩ ወር ልብስ አጣቢዎቹ ድርሻቸውን ይዘው ገቡ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ትንሽም ኮራሁ መሰለኝ፤ ምክንያቱም የሚቀጥለውን ጥፋት ያጠፋሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ጎረቤቴ የበርበሬ ነጋዴ ናት። ከቆሼ ገበያ በርበሬ እያመጣች እየሸጠች፣ ባሏ ከሞተ በኋላ አራት ልጅ አሳድጋለች። እሷ ሙስሊም ነች፣ እኔ ክርስቲያን፤ ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር ኖረናል። አጥሩ መሃል ሰው የሚያሾልክ ክፍተት አለን፤ በዋናው በር የምንገባው ለቅሶና ሠርግ ሲሆን ብቻ ነው። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም እሷው ናት፤ «ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ፣ ሌላውን እንደፈለግሽ» ብላኛለች።

የዚያ ዓመት ክረምት ሲገባ አንድ ቀን በርበሬ ስትሰፍር የዋለችበትን ቀሚስ ልትቀይር ገብታ ከጓዳ ጠራችኝ። «ነይ እስኪ፣ እዚህ ጋ ንኪኝ» አለችኝ። ነካሁት። ግራ ጡቷ ላይ፣ ከጎን በኩል፣ ባቄላ የሚያህል ደንዳና ነገር አለ።

«መቼ ነው ያየሽው?»

«ከፋሲካችሁ ወዲህ።»

«ሐኪም ዘንድ እንሂዳ!»

«ዝም በይ! ቢላ ከነካው ይቆጣል፣ ይሠራጫል። የጨው ነጋዴዋን እህት አላየሻትም፣ ቢላ ነክቷት ዓመት ሳትሞላ የሞተችውን? ወላሂ፣ ለልጆቼ ትንፍሽ ብትዪ በአጥሩ እንዳታልፊ።»

ማልኩላት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ባቄላ ጣቴ ላይ ይዤ የምዞር ይመስለኝ ነበር። እህል ስለቅም ትዝ ትለኛለች፤ ካርድ ስቀበል ትዝ ትለኛለች።

የልጅ ልጄ በዚያው ክረምት ከአዲስ አበባ መጣች። እኔ ያሳደግኋት ናት፤ «እማዬ» ነው የምትለኝ። ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ጥናቷን መምህራኖቿ ፊት ማቅረብ ብቻ ቀርቷት ነበር። «ለአንቺ ካስረዳሁ ለማንም አስረዳለሁ» ብላ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቴ ተቀመጠች። እኔ ምስር እየለቀምኩ ነው።

«ጥናቴ ስለ ካንሰር ነው» አለች።

እጄ ቆመ።

«የካንሰር ሴል ከጤነኛው ይልቅ ብዙ ስኳር ይበላል። እኛ ደግሞ ይህን ጠባዩን ይዘን...»

ልክ ያኔ የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ። ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያን ስኳር ሲጠብቅ ነው የከረመው። ወንበሬን አንስቼ ሮጥኩ። «እማዬ፣ አልጨረስኩም እኮ!» ትለኛለች ከኋላ። እኔ ግን የሚበቃኝን የሰማሁ መስሎኛል። ካንሰር ስኳር ይበላል፤ በቃ። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ያቺን ባቄላ ነው።

ጎረቤቴ ሰባተኛ ሆና ተሰልፋለች። ተራዋ ደርሶ ካርዷን ዘረጋች።

«ለአንቺ የለም» አልኳት።

«ምን?»

«የለም አልኩሽ።»

መዛኙ ልጅ ካርዷን አገላብጦ፣ «እማማ፣ ካርዳቸው ልክ ነው እኮ» አለኝ።

«ልክ መሆኑን አይቻለሁ። የእሷን እኔ አስቀምጥላታለሁ።»

ምክንያቱን እንዳልናገር ምያለሁ፤ ሰልፉ በሙሉ ደግሞ ጆሮውን ቀስሯል። ጎረቤቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቀችም። «ሊፆም የተዘጋጀ ሰው ነው የምትከለክይው?» አለችና ሻርፗን ስባ ሄደች። እኔም ድርሻዋን ተቀብዬ ቤቴ አልጋ ስር አስገባሁት። በሽታውን በረሃብ የምገድለው መስሎኝ ነበር። ልቤ ሙሉ ነበር፤ አሁን ሳስበው ነው የሚያሳፍረኝ።

በማግስቱ የአጥራችን ክፍተት በእሾህ ተደፈነ። ረመዳን ገባ። በየዓመቱ ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ሳምቡሳ የተደረደረበት ሳህን በዚያ ክፍተት ይሻገርልኝ ነበር፤ የዚያን ዓመት ግን አልመጣም። ትንሿ ልጇን መንገድ ላይ አግኝቼ ስጠይቃት፣ «እናቴ በባዶ ሻይ ነው የምታፈጥረው። ከጎረቤት እንበደር ስንላት እምቢ አለች። ሾርባም ብዙ አትጠጣም» አለችኝና ጥላኝ ሄደች።

አራተኛው ቀን ላይ የልጅ ልጄ ቤቱን ስትጠርግ አልጋ ስር ያለውን ስኳር አገኘችው።

«እማዬ፣ ይሄ የማነው?»

«የአንዲት ሴት ነው» አልኳት፤ መሐላዬ ነዋ። «ጡቷ ላይ እብጠት አለባት። አንቺ እንዳልሽው ስኳር ከልክያታለሁ።»

መጥረጊያውን ጣለችው። «እኔ? እኔ መች እንደዚህ አልኩ?»

«ካንሰር ስኳር ይበላል አላልሽም?»

«ገና መጀመሬ ነበር እኮ! ጥለሽኝ ሮጥሽ!» ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ቁጭ በይ። ዛሬ ሰማይ ቢወርድ አትነሺም።»

በቤቴ እንደዚያ ያዘዘኝ ሰው የለም። የምለቅመውን ምስር ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«መላ ሰውነታችን ስኳር ይበላል» አለች። «ልብሽም፣ አእምሮሽም፣ ይሄ ምስር የሚለቅመው ጣትሽም። ሻይሽን ባዶውን ብትጠጪ እንኳ ሰውነትሽ ከቆጮውም ከሽሮውም ስኳር ያወጣል። ሴትዮዋን ስኳር ስትከለክያት በሽታው ቀድሞ ይሻማል፤ የሚደክመው ሌላው አካሏ ነው። ገባሽ?»

«ታዲያ የአንቺ ጥናት ምን ፈየደ?»

«ስሚ። ሴልን አንድ ቤት በይው። ግድግዳ አለው። ስኳር ግድግዳ ሰብሮ አይገባም፤ በበር ነው የሚገባው። ለየስኳሩ ዓይነት የየራሱ በር አለ። የፍራፍሬ ስኳር የሚያስገባው በር ጤነኛ የጡት ሴል ላይ በጣም ጥቂት ነው። ብዙ የጡት ካንሰር ግን ያን በር ያበዛዋል። በፊትም በጎንም በጓሮም ይከፍታል።»

ምስሩ ከጭኔ ሊደፋ ደረሰ። «ቀጥዪ» አልኳት።

«እኛ የፍራፍሬ ስኳር የሚመስል ነገር እንሠራለን፤ ላዩ ላይ የሚያበራ ቀለም እናስርበታለን። በሩ ስኳር መስሎት ያስገባዋል። በር የበዛበት ቤት ብዙ ያስገባል፤ በማጉያ መሣሪያ ሲታይ ያበራል። ጤነኛው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ያኔ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይለያል።»

«እርድ ነዋ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን?»

ስለ ባለ ሦስት በሩ ቤት ነገርኳት፤ ስለ ሻይ ቤቱ፣ ስለ ጣሳው። አፏን ከፍታ ሰማችኝ። ከዚያ ሆዷን ይዛ እስክትወድቅ ሳቀች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተቃጠልኩበትን አንቺ በአንድ ማንኪያ እርድ ሠርተሽዋል!»

ፎቶውን አሳየችኝ። እሷ አዲስ አበባ የሠራችውን ቀለም ውጭ አገር ላሉ ተመራማሪዎች ልካ፣ እነሱ በትልቁ ማጉያ አንስተው የላኩላት ነው። አንዱ ጥቁር ነው፣ ምንም አይታይበትም። ሌላው ላይ ሰማያዊ መብራት የበራባቸው ቤቶች ተጠጋግተው ይታያሉ፤ ከኮረብታ ላይ ሆነው በምሽት የሚያዩት ከተማ ይመስላል። ማማሩ ራሱ አናደደኝ።

«እንግዲያው ይሄን ይዘን ሴትዮዋን እንያት» አልኳት።

«አይሆንም እማዬ። ይሄ ገና ሳህን ላይ ባደገ ሴል ነው የተሞከረው፤ ለሰው አልደረሰም። ለእሷ ሐኪም በእጁ ያያታል፣ አልትራሳውንድ ትነሳለች፣ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። አገራችን ያለው ይበቃታል፤ ቶሎ ከሄደች ብቻ።» ከዚያ በአጥሩ በኩል ወደ እሾሁ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ክፍተቱ የተደፈነው ለዚህ ነው?»

ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ። መሐላዬን አልሰበርኩም፤ የሰበረችው የራሷ ዓይን ናት።

ያን ሳምንት የምግብ ዘይት መጣ። ያው በር፣ ያው ሰልፍ። ጎረቤቴም ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ተሰልፋለች። የበደልኳት በሰው ፊት ነውና በጓዳ ይቅርታ ብላት አድሎ ይሆንብኛል። ስኳሯን ተሸክሜ ወንበሬ ላይ ቆምኩ። 

«ሰው ሁሉ ስማኝ!» አልኩ። «የዚህች ሴት ካርድ ልክ ነበር። ድርሻዋን ያለ አግባብ የያዝኩባት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ትርፍ የወሰደ ካርዱ ይቀደዳል ብዬ የቀደድኩ ራሴ ነኝና በእኔም ላይ ፍረዱ።»

 ከዚያ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ይቀደድባት!» አለ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የጥጉ ቤት አባወራ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ካርዴን አውጥቼ ለመዛኙ ልጅ ሰጠሁት፤ አልቀድም ብሎ ወደ ሰልፉ ሲያይ፣ «ሦስት ወር ካርዱ ይያዝባት፣ ከበሩም ትራቅ፣ ይበቃታል» ብለው ፈረዱብኝ። ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ ያለ ስኳር ሦስት ወር ከረምኩ።

ጎረቤቴ ቀርባ ስኳሯን ተቀበለችኝ። ፈታ አድርጋ ቆንጥራ ወደ ብርሃን ይዛ አየችው።

«እርድ አላደረግሽበትም?» አለችኝ።

ማታ ለማፍጠር አዛን ሲል እሾሁ ተነስቶ ነበር። ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቴምሯን በላች፣ ሻይዋን በአራት ማንኪያ ስኳር ጠጣች፤ እያንዳንዷን ማንኪያ ስትጨምር እኔን እያየች ነው። ከጨረሰች በኋላ የልጅ ልጄ ያለችውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ስለ በሩ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ መርፌው። ቢላ ይቆጣል የሚባለውንም የልጅ ልጄ «የሚሠራጨው ሲዘገይ ነው እንጂ ሲነካ አይደለም» እንዳለች ነገርኳት።

ሁለተኛ ሻይ ቀዳች። ከዚያ፣ «አንቺስ?» አለችኝ።

«እኔ ምን?»

«የአንቺን ማን አየው?»

«እኔማ ምንም የለብኝ።»

«በምን አወቅሽ? ስንቱን ካርድ እያገላበጥሽ ስታዪ የራስሽን ማን አይቶልሻል? ፍርድ እኩል ነው የምትዪው አንቺ አይደለሽ? አንቺ ከታየሽ እኔም እታያለሁ። አንቺ ካልታየሽ እኔም አልታይ። ጨረስኩ።»

እኔ አምስት ልጅ ቤቴ ወልጄ፣ ሐኪም ፊት ቀሚሴን ፈትቼ የማላውቅ ሴት ነኝ። ሰልፍ ጣሽ ወጠምሻ መገፍተር የማልፈራዋ፣ ያን ማታ ላብ አጠመቀኝ። እሷ ሻይዋን እያማሰለች ትጠብቀኛለች። ወጥመዱ የራሴ ነው፤ ቃሉም የራሴ።

«እሺ» አልኳት። «ግን ቀድመሽ የምትገቢው አንቺ ነሽ።»

«እንዴት ተብሎ! ጥፋተኛዋ ማን ናት?»

ኢድ በዋለ በሦስተኛው ቀን ሁለታችንም ከልጅ ልጄ ጋር በሚኒባስ አዲስ አበባ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ማን ቀድሞ ይግባ እያልን ስንከራከር ረዳቱ ለፍርድ ቤት የምንሄድ መስሎት፣ «እናቶቼ፣ መሬት ነው ወይስ ውርስ?» አለን። ሆስፒታሉ ሰልፍ ነበረው፤ ደስ የሚል፣ ቀጥ ያለ ሰልፍ፣ ማንም ያልጣሰው። ቀድሜ ገባሁ። ሐኪሟ የልጅ ልጄን የምታህል ልጅ ናት። እጇ ቀዝቃዛ ስለሆነ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እኔ ግን ከድንጋጤዬ የተነሳ አልተሰማኝም። ምንም የለብኝም ተባልኩ። ስወጣ ጎረቤቴ ፊቴን አንብባ፣ «አየሽ፣ አልሞትሽም» አለችኝና ገባች።

የእሷ በአንድ ቀን አላለቀም። አልትራሳውንድ ተነሳች፣ በመርፌ ናሙና ተወሰደላት፣ ውጤቱን ለመስማት ተመልሰን ሄድን። ክፉው ሆኖ ተገኘ። ግን ገና ትንሽ ነው፣ ከቦታው አልራቀም አሏት። ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ «የበርበሬው ገበያ ሳያልፍ ይቁረጡት» አለች። ቆረጡት። መድኃኒቱ ጠጉሯን ወሰደው፤ ሻርፕ ስለምታደርግ ከእኔና ከልጆቿ በቀር ያወቀ የለም። በደከማት ሰሞን ቆሼ ሄጄ በርበሬውን የገዛሁላት እኔ ነኝ። ያመጣሁትን አይታ፣ «ይሄ ምኑ በርበሬ ነው፣ ቲማቲም ነው!» ብላ ስትሰድበኝ እየዳነች እንደሆነ ገባኝ።

የልጅ ልጄም ጥናቷን አቀረበች። መምህራኖቿ «ለተራ ሰው እንዴት ታስረጂዋለሽ?» ቢሏት ባለ ሦስት በሩን ቤት ነገረቻቸው አሉ። አንዱ መምህር «እርዱ ስንት ግራም ነበር?» ብሎ ጠይቋታል። አልመዘንኩትም።

ቅጣቴን ጨርሼ ወደ ሱቁ በር ስመለስ ጎረቤቴ ከእኔ ቀድማ ደርሳለች፤ ወንበሯን ከቤቷ ይዛ። ቀበሌው «በረኛዋን የሚጠብቅ ያስፈልጋል» ብሎ አብራኝ እንድትቀመጥ ወስኗል። መዛኙ ልጅ ሁለት ወንበር አጠገብ ለአጠገብ ሲያይ፣ «አለቅን!» አለ። መጀመሪያ የተቀበለችው ካርድ የእኔን ነው፤ ፊትና ጀርባውን አገላብጣ፣ ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች፣ ሆን ብላ አስረዘመችው።

ስኳሩ ኋላ እየበዛ መጥቶ ሰልፉ ቀረ። የአጥሩ ክፍተት ግን ዛሬም አለ። በየዓመቱ ኢድ ሲያልፍ ሁለታችንም ለምርመራ አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ አንዷ ካልሄደች ሌላዋም አትሄድም። ባለፈው ቀድማ የገባችው እሷ ናት። ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው።